የተሸነፈ ይከፍላል

የሙሄዲን እናት ፉሉን ገፋ አደረጉት። ሳህኑ በላስቲኩ ምንጣፍ ላይ ተንሸራቶ በልጃቸው ጉልበት አጠገብ ቆመ። ዳቦው ትኩስ ነበር፤ ምራታቸው ሉጥፊያ በማለዳ ተሰልፋ ያመጣችው ነው። ዘይቱም ሽንኩርቱም አልጎደለም። አሮጊቷ ግን እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ ቢስሚላህ በማለት ፈንታ «ሙሄ፣ ይሄ ዳቦ በምን ገንዘብ የተገዛ ነው?» አሉ። ሙሄዲን ዋጋ የጠየቁት መስሎት የዳቦን መወደድ ማማረር ጀመረ። ኻርቱም ውስጥ በዳቦ ዋጋ ማማረር ከሰላምታ ስለማይለይ አፉ ሳያስበው ነው የጀመረው። እናቱ እስኪጨርስ ታገሱትና ያንኑ ጥያቄ መልሰው ጠየቁት።

ነገሩ የመጣው በግድግዳው በኩል ነው። እማማ ዛሂራ ከከሚሴ ከመጡ ሳምንት አልፏቸዋል። የሚያድሩበት ክፍል ልጃቸው ከሚያስተዳድረው ፑል ቤት የሚለየው በአንድ ረድፍ ጡብ ብቻ ነው፤ በዚያ ወገን ኳስ ከኳስ ሲጋጭ በዚህ ወገን የሻይ ብርጭቆው ይንቀጫቀጫል። ጁምዓ ጠዋት ከሌሊት ጥበቃ የወጡ ዘበኞች ወደየማደሪያቸው ከመሄዳቸው በፊት ጎራ ብለው አንድ ሁለት ጌም ይጫወታሉ። የዛሬዎቹ ሁለቱ ሲጨርሱ አንደኛው በሳቅ እየፈነዳ «የተሸነፈ ይከፍላል! ክፈል እንጂ!» እያለ ጮኸ። አሮጊቷ ዱዓ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ዱዓው አልሄደላቸውም።

«የተሸነፈው ምኑን ነው የሚከፍለው?» ብለው ጠየቁ አሁን።

«የጠረጴዛውን ነው፣ እማ።»

«ያሸነፈውስ?»

«አሸነፈ እኮ ነው የምልሽ። እሱ ምን ብሎ ይከፍላል?»

«እንግዲያ ቁማር ነዋ» አሉ እማማ ዛሂራ በቀስታ።

ሙሄዲን ሊስቅ ቃጣው። ከቤቱ ቁማር ማራቁ ዋናው ኩራቱ ነበር። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የውርርድ ገንዘብ ያስቀመጠን ሰው አንገቱን ይዞ አስወጥቷል። መጠጥ አያስገባም፣ አዛን ሲሰማ ጨዋታ ያስቆማል። ሐበሻ ስማቸውን ሲሰማ የሚበረግግባቸው፣ ኒዛም ዓም የሚባሉት የሥርዓት አስከባሪ ፖሊሶች እንኳ አንዳንዴ ገብተው ሻይ ጠጥተው፣ ኳሷ ቀዳዳ ስትገባ ጥቂት አይተው ይወጣሉ። የተሸነፈ የጠረጴዛውን ይከፍላል የሚለው ሕግ ግን ከአዲስ አበባም፣ ከደሴም፣ ከጎንደርም ከሰዎቹ ጋር አብሮ ድንበር የተሻገረ ነው። ማንም አላወጀውም፣ ማንም አልመረመረውም። አንድ ሐበሻ ፑል ቤት ሲገባ ጫማው እግሩ ላይ መኖሩን እንደማይጠይቅ ሁሉ ይህንንም አይጠይቅም።

«በቁማር ብር የጌታዬን ደጅ አልረግጥም» አሉ እናቱ። የመጡት ለዚያው ነበር። እሁድ በፖርት ሱዳን አውቶቡስ ይሄዱና ከዚያ በመርከብ ጅዳ ወርደው ዑምራ ያደርጋሉ። ቪዛው ተመትቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ ነጭ ልብሳቸው ታጥቦና ተተኩሶ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል። ሁሉም ወጪ የልጃቸው ነው። ካልጠራላቸው ግን ሳይሄዱ አገራቸው እንደሚመለሱ ተናገሩ፤ እማማ ዛሂራ ደግሞ የተናገሩትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው፤ በአንዲት ፍየል ምክንያት ከታናሽ እህታቸው ጋር ተኳርፈው ዓመታት አሳልፈዋል። ሙሄዲን በስልክ «ጠረጴዛ አከራያለሁ» ሲላቸው የሰርግ ጠረጴዛና ወንበር የሚያከራይ መስሏቸው፣ የኻርቱምን ሙሽሮች ሁሉ ሲመርቁ ነው የኖሩት። እሱም አላረማቸውም። ሉጥፊያ አርካዊት በሚባለው ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ሳምንቱን ሙሉ ስታበስል ትከርምና ጁምዓ ብቻ ናት የምታርፈው። የተገፋውን ሳህን ወደ ራሷ ስባ እስከ ታች በላችው። ሙሄዲን በላከው ገንዘብ በከሚሴው ቤት ላይ ስለተመታው አዲስ ቆርቆሮ ሦስቱም አስበዋል።

ፑል ቤቱ ሐውሽ የሚሉት የግቢው የፊት ክፍል ነው። ቀድሞ ሱቅ ስለነበር የብረት በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል። ጀብራ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ርካሽ ባይሆንም አከራዩ ሰውዬ ሐበሻ ኪራይ አያዘገይም ብሎ ስለሚያምን ዋጋውን ቀነስ አድርጎለታል። ጠረጴዛው ከአንድ የተዘጋ ክበብ የተገዛ ነው። ሙሄዲን ሲሚንቶ ተሸክሞ ባጠራቀመው ገዛው፤ ለማስገባት የበሩ መቃን ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል። አረንጓዴው ጨርቅ መሐሉ ላይ ተቀዶ ሉጥፊያ ሰፍታዋለች። ወለሉ ስለሚያዘምም ካርቶን አጥፈው አንዱ እግር ሥር አድርገዋል፤ ቢሆንም ኳሷ ስትደክም ወደ በሩ በኩል ወዳለው ቀዳዳ ታዘነብላለች፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው። የአንድ ጌም ዋጋ ከአንድ ሳህን ፉል አይበልጥም። ከዚህች ትንሽ ዋጋ ነው ኪራዩም፣ መብራቱም፣ ቆርቆሮውም፣ አሁን ደግሞ መካም የወጣው።

ሙሄዲን ቀትር ላይ ጀለቢያውን ለብሶ መስጊድ ሄደ። ከሰላት በኋላ ሰዉ እስኪወጣ ጠብቆ ኢማሙ ዘንድ ቀረበ። መውላና የሚሏቸው እኚህ ኢማም ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሱዳናዊ ናቸው። ቢልያርዶ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ይጫወቱ እንደነበርና እጃቸውም ክፉ እንዳልነበር ነገሩት። ሙሄዲን ተስፋ አደረገ። ከዚያ ማን እንደሚከፍል ጠየቁት፤ ነገራቸው፤ ፊታቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለቱ ሰዎች ሳይጀምሩ በፊት እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ከከፈሉ የጠረጴዛ ኪራይ ነው፣ ምንም የለበትም አሉ። አንዱ በነፃ ሊወጣ፣ አንዱ የሁለቱን ሊከፍል ተስማምተው ከገቡ ግን ስሙ ያው ቁማር ነው፤ ቤቱን የከፈተላቸውም ከነገሩ ውጪ አይደለም። «ያለፈውስ?» አለ ሙሄዲን። «ያለፈው የሰው ሐቅ ነው። ባለቤቱ ካለ ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቅ። ማሊሽ፣ አይዞህ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና ወደ ምሳቸው ሄዱ።

ቤት ገብቶ ይህንኑ ለእናቱ ነገራቸው። ቢደብቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ግማሽ ደስ ብሎት ሲያወራ ሁለተኛው ሳያስበው አብሮ ወጣ። እማማ ዛሂራ የመጀመሪያውን በራስ ንቅናቄ አሳለፉና ሁለተኛውን ያዙ። ለዑምራ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የበደለውን ሁሉ እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ የወሎ ወግ ነው። እሳቸውም ከከሚሴ ከመውጣታቸው በፊት ከጎረቤት እስከ ባለ ፍየሏ እህት ድረስ ዞረው፣ ሁሉም አውፍ ብሏቸው ነበር። አሁን አንድ ያልዞሩበት ቤት እንዳለ ታወቃቸው።

«የዚህ ሐቅ ባለቤት ማነው?»

«ብዙ ናቸው፣ እማ። የተሸነፈው ሁሉ ነው።»

«ሲሰበሰቡ ጥራኝ።»

«ኢንሻአላህ» አለ ሙሄዲን፣ ኻርቱም ውስጥ አይሆንም ለማለት በሚባልበት ዜማ። ብዙ ናቸው ያለውም እውነት አልነበረም። በዚያ ቤት መሸነፍ የአንድ ሰው ሥራ እንደነበር ከማንም ይልቅ እሱ ያውቃል።

ከምሳ በኋላ ሰዉ መግባት ሲጀምር ሚልዮን ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሚልዮን የመርካቶ ልጅ፣ የአንድ ነጋዴ ሹፌርና የቤቱ አንደኛ ተጫዋች ነው። ለዚህ ጁምዓ «የጀብራ ሻምፒዮና» ብሎ የሰየመውን ውድድር አዘጋጅቷል። ከሱቅ አረቢ ገበያ ዋንጫ ገዝቷል፤ የፑል ዋንጫ የሚባል ነገር ስላልተገኘ ጫፉ ላይ ኳስ የሚመታ እግር ኳስ ተጫዋች ቆሞበታል። ሚልዮን በዲሽ የዓለም ፕሮፌሽናሎችን ጨዋታ ያያል፤ ባየ ቁጥርም ይናደዳል። «የዓለም ሻምፒዮን ናቸው፣ ተመልካቹን ግን እየው። ሚስቶቻቸውና ወንድሞቻቸው ናቸው» ይላል። ምክንያቱንም ደርሶበታል። አንደኛ፣ ሕጉ ረጅም ነው፤ ሰውዬው ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ጠመኔ ቀብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደገና ቀና ብሎ ያስባል፤ ማንም ሰው ሌላ ሰው ሲያስብ ለማየት ከቤቱ አይወጣም። ሁለተኛ፣ የተመልካቹ ኪስ ውስጥ የሚያቃጥል ነገር የለም። ውርርድ ቢፈቀድ፣ ዝንብ ግድግዳ ስትወጣ እንኳ ሰው ተጋፍቶ ያያል። ሁለተኛው በዚህ አገር ጅራፍ ስለሚያስከትል በመጀመሪያው ላይ ሠርቷል፤ ዛሬ እያንዳንዱ ተጫዋች ሚልዮን ጮክ ብሎ አሥር ቆጥሮ ሳይጨርስ መምታት አለበት፤ በአንድ ጌም የተሸነፈ ይወጣል። ይህ ሕግ ከያዘ ፑል በአምስት ዓመት ውስጥ እግር ኳስን እንደሚስተካከል አይጠራጠርም፤ ያኔ እሱ ራሱ የት እንደሚሆን አይናገርም፣ ግን ዓይኑ ላይ ይነበባል።

ሙሄዲን መሐል ቆሞ አጨበጨበና ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም ተጫዋቾች ግማሽ ግማሽ፣ ሳይጀምሩ በፊት እንደሚከፍሉ ተናገረ። መጀመሪያ የመሰላቸው ቀልድ ነው። ከዚያ አንዱ ከኋላ «ታዲያ መሸነፍ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ጠየቀና ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጥያቄው ግን የሚናቅ አልነበረም። ሚልዮን ሙሄዲንን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። «ውርርድ ጨምር ስልህ ያለችውን ጨው አወጣሃት! ሰው ይሄን ጨዋታ የሚጫወተው ላለመክፈል እኮ ነው» አለው። ሚልዮን ለሙያው ተቆርቁሮ እንደተናገረ አይካድም። በዚህ ቤት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በቀር ለጠረጴዛ ከፍሎ የማያውቅ መሆኑም አይካድም።

ውድድሩ እስኪጀምር ድረስ በአዲሱ ሕግ መጫወት ተጀመረ። ያኔ ሚልዮን ያለው ነገር በዓይን ታየ። ትናንት አንዲት ኳስ ለማስገባት ትንፋሻቸውን ይውጡ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በአንድ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ ይዘው በሌላው ይመታሉ። ጥቁሯ ኳስ ያለ ጊዜዋ ስትገባ ማንም አልጮኸም። አንዱ ጨዋታውን መሐል ላይ ትቶ ስልክ ሊያነሳ ወጣና አልተመለሰም፤ ባላንጣውም አልፈለገውም። ተመልካቾቹ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ከሻ ስለሚሉት አዲስ አፈሳ ማውራት ጀመሩ፤ ፖሊስ ሰሞኑን የትኛውን ሰፈር እንዳሰሰ ከፑሉ የበለጠ ያዝ የሚያደርግ ወሬ ሆነ።

በዚህ መሐል ጋሽ ገብረየስ ገቡ። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፤ ጁምዓ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚመጡት። ደርግ ሲወድቅ በመተማ የተሻገሩ የቀድሞ አሥር አለቃ ናቸው፤ አል-ማንሺያ ውስጥ የአንድ ትልቅ ቤት በር ይጠብቃሉ። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ ወይም ካሉም አይወሩም። ፑል ደግሞ አይችሉም። ነጯን ኳስ እንደ ተቀየሟት አድርገው ነው የሚመቷት። ሆኖም ቤቱ ውስጥ እንደ እሳቸው የሚፈለግ ተጫዋች አልነበረም፤ ገና ከበሩ ሲታዩ «ጋሼ፣ ከእኔ ጋር!» «ኧረ ተራው የኔ ነው!» እየተባለ ይሻሙባቸው ነበር። እሳቸውም እየሳቁ ለሁሉም ይዳረሱ ነበር፤ ይሸነፋሉ፣ ይከፍላሉ፣ የሚቀጥለውን ይጠራሉ። ማንም ከሳቸው ጋር ለመጫወት ኪሱን መዳሰስ አያስፈልገውም። ጁምዓን በሙሉ በዚህ ሁኔታ ነው የሚያሳልፉት፤ አመሻሽ ላይ ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሰርገኛ ነው።

ዛሬ እንጨታቸውን አነሱ፣ ጠመኔ ቀቡት፣ ቆሙ። የሚጫወቱት ጨረሱና ከመካከላቸው አንዱ ሌላ ልጅ ጠራ። እነሱም ጨረሱ፤ ሌላ ተጠራ። ግማሹን እንደሆን ማንኛውም ሰው መክፈሉ ካልቀረ፣ ከማይችል ሰው ጋር ለምን ይጫወታል? ይህን ማንም ጮክ ብሎ አላለውም፤ ማንም ክፋትም አላሰበም። ነገሩ ውኃ ወደ ቁልቁለት እንደሚወርድ በራሱ ሄደ። ጋሽ ገብረየስ ጥቂት ከጠበቁ በኋላ አጠገባቸው ያለውን ወጣት «ና እንጫወት፣ የሁለታችንንም እኔ እከፍላለሁ» አሉት። ወጣቱ ፈጥኖ ተነሳ። ሙሄዲን ግን ሰምቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ አይሆንም። ግማሽ ግማሽ ነው።»

«በገዛ ገንዘቤ ማን ይከለክለኛል?»

«መውላና» አለ ሙሄዲን። ሰዎቹ ሳቁ፤ ወጣቱም ሳቀና ተቀመጠ። ጋሽ ገብረየስም አብረው ሳቁና እንጨቱን በጉልበታቸው መሐል አቁመው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሙሄዲን አያቸው፤ ነገር ግን እሁድ ቅርብ ነበርና ወደ ሌላ ዞረ።

ሚልዮን ዕጣ አወጣ። የመጀመሪያው ግጥሚያ የራሱና የጋሽ ገብረየስ ሆነ። ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ቀረበ፣ ወሬው ቆመ፤ አሥር መቁጠሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ጓጉተው ነበር። ጋሽ ገብረየስ ፊታቸው ፈካ ብሎ ተነሱ። ጎንበስ ብለው ነጯን ኳስ ሲያነጣጥሩ፣ ሚልዮንም «አንድ» ሲል፣ በሐውሹ በኩል ያለው በር ተከፈተና እማማ ዛሂራ ነጠላቸውን ተከናንበው ገቡ። ኢንሻአላህ እስኪፈጸም አልጠበቁም። ወንዶቹ ሲጋራቸውን ከጀርባቸው ደበቁ፤ የተቀመጡት ተነሱ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «እንዴት ዋሉ እማማ» አለ። አሮጊቷ ጠረጴዛውን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ዳር ዳሩን በዓይናቸው ዞሩት፤ ያን ያህል ዓመት የመገባቸው ይህ መሆኑ የገረማቸው ይመስሉ ነበር።

«ልጆቼ፣ እሁድ የጌታዬን ቤት ልጎበኝ መንገደኛ ነኝ» አሉ። «የሰው ሐቅ ይዤ አልሄድም። በዚህ ቤት አብዝቶ የሚሸነፈው ማነው?»

ሙሄዲን «እማ፣ ተይ እባክሽ፣ በኋላ» ብሎ ወደ እሳቸው ሄደ። አንዱ ሳቁን ሲያፍን ድምፁ ተሰማ፤ ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሄደ። እማማ ዛሂራ የዓይኖቹን መንገድ ተከትለው ጋሽ ገብረየስ ጋ ደረሱና ጉልበታቸውን ሊስሙ ዝቅ አሉ። ሰውየው እንጨቱን ጥለው ትከሻቸውን ያዟቸው።

«ኧረ በማርያም! ምን ሆነው ነው እትዬ?»

«ሐቅዎን በልቻለሁ። ልጄም እኔም። ቤቴ ላይ ያለው ቆርቆሮ ያንቱ ነው። አውፍ ይበሉኝ።»

«እኔ አንዳች አልተበላሁም፣ እትዬ። ተጫውቼ እኮ ነው የከፈልኩት።»

«ሌሎቹስ አልተጫወቱም?» አሉ እማማ ዛሂራ።

በክፋት አልጠየቁም፤ እውነቱን ፈልገው ነው። ጋሽ ገብረየስ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዙሪያቸውን የቆሙትን አንድ በአንድ አዩ። ሚልዮን የተቀባውን እንጨቱን እንደገና ጠመኔ ይቀባል። ቅድም ተነስቶ የተቀመጠው ወጣት ጫማውን ያስራል። የሻይ ብርጭቆ የያዘው ብርጭቆው ውስጥ ያያል። ሙሄዲን ብቻ ዓይናቸውን ሊያይ ሞከረ፤ እሱም አልቻለም። አሮጊቷ አሁንም ከፊታቸው ቆመዋል። አውፍ ካላሏቸው ሻንጣቸውን ፈትተው ከሚሴ እንደሚመለሱ፣ በዚህ ዕድሜያቸውም ሌላ ጊዜ መካን እንደማያዩ ነገሯቸው። ልመና እንጂ ማስገደድ አልነበረበትም፤ ቢሆንም ሰውየውን መውጫ አሳጣቸው። አውፍ ለማለት መጀመሪያ መበደልን ማመን ያስፈልጋል።

«አውፍ ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ለርስዎም፣ ለልጅዎም። እዚህ ላሉትም ለሁሉም።»

እማማ ዛሂራ ሁለት እጆቻቸውን ይዘው ሳሙዋቸው፣ ረጅም ምርቃት መረቁና ቀለል ብሏቸው ወደ ሐውሹ ተመለሱ። ጋሽ ገብረየስ የወደቀውን እንጨት አነሱ፤ ወደ ጠረጴዛው ግን አልተመለሱም። ግድግዳው ላይ በቦታው ሰቀሉትና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሚልዮን «ጋሼ፣ ተራዎ እኮ ነው» አላቸው። «አውቃለሁ» አሉና በብረት በሩ ወጡ። ከዚያ አንዱ «ፎርፌ ነው» አለ፤ ሚልዮንም ወደ ሁለተኛው ዙር አለፈ።

ሙሄዲን ተከትሎ ወጣ። ጋሽ ገብረየስ አስፋልቱ ዳር ሐፊላ የሚሉት አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ደርሰዋል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ አቧራው ቀልቷል፤ ከመስጊዱ ጎን ሐብሐብ የሚሸጠው ሰውዬ ሐብሐቡ ላይ ውኃ ይረጫል። ሙሄዲን ምን እንደሚል ሳያዘጋጅ ነው የሮጠው። እናቱ የገጠር ሰው መሆናቸውን፣ ነገሩን እንዲህ ማንም እንዳላሰበው፣ የሚቀጥለው ጁምዓ ሁሉም እንደ ድሮው እንደሚሆን አከታትሎ ተናገረ። ሰውየው በትዕግሥት ሰሙት።

«እናትህ ደግ ሴት ናቸው» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጊዜ በዒድ ማግስት ሚልዮንን አሸንፌው ነበር። ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁኝ ዞራችሁ። ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ እንጂ፣ ጋሼ!»

«እሱስ እውነት ነበር?»

ያን ጊዜ ጋሽ ገብረየስ ሁለት ጁምዓ ሳይመጡ ቀርተው ነበር። ሦስተኛው ላይ ሲመጡ፣ ሰልችቷቸው ጨርሰው እንዳይጠፉ አንድ ጊዜ እንዲያሸንፉ ተመካክረው ነበር፤ ምክሩ ውስጥ ሙሄዲንም ነበረበት። እውነት ነበር ማለት ቀላል ነበር። ቀኑን ሙሉ ስለ ሐራምና ሐላል ሲመላለስ የዋለ ሰው ግን ዓይኑን ወደ ሐብሐብ ሻጩ መለሰ። ሐፊላው መጣ፤ ረዳቱ «ማንሺያ! ማንሺያ! ያላ!» እያለ የመኪናውን ጎን ደበደበ። ጋሽ ገብረየስ መልሱን አልጠበቁም፤ ወይም ደርሷቸዋል። ተሳፍረው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡና ወደ ፊት አዩ።

ሲመለስ እናቱ ሻንጣቸው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሉጥፊያ እግራቸውን ሒና ልትቀባቸው ታሸዋለች። ከጠዋት ጀምሮ ታጥፎ የነበረው ፊታቸው ተፈቷል።

«ሰውየው ሄደ እንዴ?»

«ሥራ አለበት፣ እማ። ሌሊቱን በር ይጠብቃል።»

«አውፍ ያለኝ ከልቡ ነው? ከልብ ካልሆነ አይደርስም።»

ሙሄዲን ሉጥፊያን አያት። ሉጥፊያ ወደ ሒናው ጎንበስ አለች።

«ከልቡ ነው» አለ።

«አልሐምዱሊላህ። ክርስቲያን ቢሆንም ካዕባው ፊት ቆሜ በስሙ ጠርቼ ዱዓ አደርግለታለሁ። ያጣውን እንዲመልስለት፣ ሰው እንዲሰጠው። ሉጥፊያ ገብረየስ ይባላል አለችኝ፤ ገብረየስ ማን? አባቱ ማን ይባላል?»

የአባታቸውን ስም ሙሄዲን አያውቅም። «ቆይ፣ መጣሁ» ብሎ ወደ ፑል ቤቱ ገባ። ውድድሩ አልቆ ነበር። ሚልዮን ዋንጫውን ይዞ ስለሚቀጥለው ዓመት ሕግ ያብራራል፤ የሚሰማው ሰው ጥቂት ነበር። ሙሄዲን የጋሽ ገብረየስን የአባት ስም የሚያውቅ እንዳለ ጠየቀ። ተያዩ። አንዱ ጎንደሬ ናቸው አለ፣ ሌላው የመንዝ ሰው ናቸው አለ። የአባታቸውን ስም የሚያውቅ አልተገኘም። «ለምን ፈለግከው?» አለ ሚልዮን።

በሐውሹ ሲመለስ መግሪብ አዛን ይል ነበር። እናቱ ቀና ብለው ጠበቁት።

«ገብረየስ ወልደሰንበት» አላቸው፣ አፉ ላይ የመጣለትን።

እማማ ዛሂራ እስከ መካ እንዳይጠፋባቸው ስሙን ደጋግመው አሉት፤ ሲከብዳቸው ልጃቸው አረማቸው።